የአናንድ ሴህራ አስተርጓሚ

ጋሽ ሻፊ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ጎረቤታቸው ሐዋ ደውላ፣ "ወይንሸት፣ ጋሽ ሻፊ ትተውን ሄዱ። ቀብሩ ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው" አለችኝ። ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ። ከአፌ ያመለጠኝ ግን "እውነት ነው ወይስ እሳቸው ናቸው ያሉት?" የሚል ነበር። ወዲያው አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ቀብራቸው ላይ አልሄድኩም፤ ስምንት ዓመት ሙሉም ደጃቸውን አልረገጥኩም። ነገር ግን ለንደን ከገባሁ ወዲህ እንደ እሳቸው ያሳቀኝ ሰው የለም፤ እንደ እሳቸው ያቆሰለኝም የለም። ይኸው አሁን እንኳ ስጽፍ አንቱታውን ልነፍጋቸው አቃተኝ።

ጋሽ ሻፊ አዲስ አበባ እያሉ ሲኒማ ቤት ነበር የሚሠሩት። እዚህ መጥተው ሃያ ዓመት ያህል ታክሲ ነድተዋል። ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል አልሆንልህ አላቸው መሰል፣ ስቶክዌል ከሚኖሩበት ሕንጻ ሥር ያለውን የነዋሪዎች አዳራሽ እሁድ እሁድ ከሰዓት ቡክ እያደረጉ የህንድ ፊልም ማሳየት ጀመሩ። እስላሙ ከሶላት፣ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል። አብዛኞቹ አዛውንቶች ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ለሐኪም ቀጠሮና ለካውንስል ደብዳቤ ያህል ነው። ህንድኛውን ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ከጋሽ ሻፊ በቀር። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት እንደኖሩ፣ ከህንድ ጨርቅ ነጋዴዎች ጋርም እንዳደጉ ነግረውናል። ስለዚህ ከስክሪኑ አጠገብ፣ ጀርባቸውን ለማሞቂያው ሰጥተው ይቆሙና በአማርኛ ይተረጉሙልናል።

እኔ ረዳታቸው ነበርኩ። ወንበር እደረድራለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ፣ ዲስኮቹን እቤቴ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ፊልሙ ሲጀመር ደግሞ አንድ የማይቀር ትእዛዝ ነበረኝ።

"ወይንሸት፣ ያንን ከሥር የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኦፍ አድርጊው። የአናንድን ደረት ይሸፍንብናል።"

አጠፋዋለሁ። በገዛ እጄ።

አናንድ ሴህራ የሚያሳዩን ተዋናይ ስም ነው። ሌላ አያሳዩንም ነበር። "ሌሎቹስ?" ብሎ የጠየቀ ሰው፣ "አናንድ ብቻውን አገር ነው፤ አገር ጨርሰህ ስትመጣ ሌላ አገር አሳይሃለሁ" ይባላል። እሳቸው እንደሚሉት ሰውየው ሥራ የጀመረው ሬሳ ሆኖ ነው። በሦስት ፊልም ላይ ተገንዞ ተኝቷል። በአራተኛው ዳይሬክተሩ "ይሄ ሬሳ ከሚያለቅሱለት ይበልጣል" አለና አስነሣው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ክፉ ሰው ሆኖ ሠራ፤ ገበያ ሲወጣ ሴቶች በቲማቲም ያባርሩት ጀመር። ከዚያ ፖሊስ ሆነ፣ መንትያ ወንድማማች ሆኖ ራሱን በራሱ ደበደበ፣ ዐይነ ስውር ዘፋኝ ሆነ፣ ዳኛ ሆነ፣ በስተርጅናው ደግሞ አንድ ቃል የማይናገር ዲዳ አትክልተኛ ሆኖ ህንድን ሁሉ አስለቀሰ።

"ሰው ፊቱን የሚለዋውጥ ይመስለዋል" ይሉ ነበር ጋሽ ሻፊ፣ "አናንድ ፊቱን አይነካም። አንገቱን ነው የሚለውጠው። እዩት!"

ራሳቸው ያሳዩናል። ሌባ ሲሆን አንገቱ ትከሻው ውስጥ ይሰምጣል። ዳኛ ሲሆን ይረዝማል። ዐይነ ስውር ሲሆን ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል፣ ጆሮውን ወደ ሰው ለማምጣት። ያንን ካሳዩን በኋላ እኛም ፊልሙ ሲጀመር አንገቱን ብቻ አይተን "ዛሬ ሌባ ነው!" እንላለን።

አተረጓጎማቸው ለብቻው ፊልም ነበር። የህንድ ፖሊስ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ይናገራል። አማቲቱ እንደ መርካቶ ቅመም ነጋዴ ትሳደባለች። ዘፈን ሲመጣ ቁጭ ብለው መላጣቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ "ዘፈን አይተረጎምም። ሲያልቅ የት እንደደረሱ እነግራችኋለሁ" ይላሉ። አንድ ጊዜ ጀግናዋ ግድግዳ ተደግፋ ስታነባ "አሁን እያለቀሰች ነው" ቢሉ፣ ከፊት የሚቀመጡት እማማ ዘነቡ ተቆጡ።

"እሱንማ እኛም ዐይን አለን!"

"ለምን እንደምታለቅስ ታውቂያለሽ ዘነቡ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ዐይንሽን ይዘሽ ዝም በይ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሚውል ሰው እሁድ ከሰዓት ቀና ይላል። እኔም ኬኒንግተን አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ስልጥ እየዋልኩ፣ በልቤ እሁድን እቆጥር ነበር።

አሁን የራሴን ነገር ትንሽ ማንሳት ግድ ይለኛል፤ ያለሱ የጋሽ ሻፊ ነገር አይገባም። ልጄ ብሌን የእህቴ የጽጌ ልጅ ናት። ከመተማ ተነሥተን ካርቱም የገባነው ሦስታችን ነን፤ ብሌን የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ጽጌን ወባ ካርቱም ላይ ቀማኝ። ወደ እንግሊዝ የሚወስደንን ፎርም ስንሞላ አስተርጓሚው "የእህት ልጅ ካልሽ ጉዳያችሁ ለየብቻ ይታያል፣ መቼ እንደምትገናኙም አይታወቅም" አለኝ። "ልጄ ናት" ብዬ ፈረምኩ። ዛሬም ቢሆን እፈርማለሁ። ጥፋቴ ከፈረምኩ በኋላ ያለው ነው። ለብሌን ልነግራት ስል አምስት ዓመቷ ነው አልኩ፤ ዐሥር ሞላት። ፈተና ላይ ናት አልኩ፤ ሌላ ፈተና መጣ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዐሥራ ስምንት ደፈነች።

ያን ዓመት ዩኒቨርሲቲ አፕላይ ለማድረግ የልደት ወረቀቷን ጠየቀችኝ። ጨነቀኝ። እሁድ ፊልሙ አልቆ ወንበር ስናነሣ ጋሽ ሻፊ ፊቴን አይተው "ምን ሆነሻል?" አሉኝ። እሳቸውም በካርቱም ያለፉ ሰው ናቸው። የልቤን ዘርግፌ ነገርኳቸው። ለካህን እንኳ ያልነገርኩትን፣ የእጇን ጠባሳ ታሪክ ሳይቀር። ብሌን ግራ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አላት፤ "ሕፃን ሆነሽ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጎትተሽ ነው" እላት ነበር። እውነቱ ግን ጽጌ ልጇን አዝላ ሻይ ስትጥድ ትኩሳቱ ጣላት፤ ሕፃኗ ከእናቷ ጀርባ ሳትወርድ ነው የተቃጠለችው።

ጋሽ ሻፊ እስክጨርስ ድረስ ሰሙኝ። ከዚያ ደረታቸውን መታ መታ አደረጉና፣ "እዚህ ገባ። ከአላህና ከኔ ሌላ የሚያውቀው የለም። ስትመረቅ አንቺው በአፍሽ ትነግሪያታለሽ" አሉኝ። ያን ቀን ቤቴ የሄድኩት ሸክም እንደወረደለት ሰው ነው።

ከዓመት በኋላ አንድ እሁድ ብሌን ለዕረፍት መጥታ ነበር። ህንድ ፊልም አትወድም፤ ግን የሻዩን ዕቃ ላግዝሽ ብላ አብራኝ መጣች። ጋሽ ሻፊ በር ላይ አቅፈው ሳሟት፤ "ደግሞ እንዴት አድገሻል!" አሉና ከፊት ወንበር አስቀመጧት። የዕለቱ ፊልም አናንድ ሴህራ የባቡር ጣቢያ አለቃ የሆነበት ነው። ባቡር ይቆማል፤ አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ ይዛ ትወርዳለች። ጣቢያ አለቃው አንገቱን ቀና አድርጎ ያያታል።

"ይቺ ሴትዮ እናቷ አይደለችም" አሉ ጋሽ ሻፊ።

እኔ ከኋላ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። የህንድ ፊልም ነው፤ ልጅ ሳይጠፋና ሳይለወጥ አያልቅም ብዬ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

"እናትየው በስደት ከተማ በትኩሳት ሞታለች። ይቺ እህቷ ናት። ሹሙ የእህት ልጅ ካልሽ ለየብቻ ናችሁ ስላላት፣ ልጄ ናት ብላ ፈርማ ነው ያመጣቻት። ልጅቷ አታውቅም።"

እጄ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ሴትዮዋ የልጅቷን ፀጉር ታበጥራለች። ጋሽ ሻፊ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አዳራሹን ሊያስለቅሱ ሲሉ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።

"እጇ ላይ ጠባሳ አለ። ማንቆርቆሪያ ጎትተሽ ነው ትላታለች። ውሸት ነው። እናትየው ልጇን እንዳዘለች ነው እሳቱ ላይ የወደቀችው።"

እማማ ዘነቡ "ወይኔ ልጄን!" ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ። አዳራሹ እንባ በእንባ ሆነ። እኔ ብሌንን ነው የማየው። ጀርባዋን ብቻ። ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ሄደና ግራ እጇን ያዘ። እስከ መጨረሻው አልለቀቀችውም። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦላቸው አያውቅም።

አውቶቡሱ ላይኛው ፎቅ ላይ ተቀመጥን። ሁለት ፌርማታ አለፍን።

"እማ፣ ያቺ ልጅ… ኢዝ ኢት ሚ?"

"የኔ ቆንጆ፣ ፊልም እኮ ነው…"

"እጄን እያየሽ አትዋሺኝ።"

ነገርኳት። አውቶቡስ ላይ፣ ከኋላችን ሁለት ተማሪዎች ቺፕስ እየበሉ፣ የዚያ ሁሉ ዓመት ሚስጥር እንዲህ ወጣ። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስሟ ማነው?" ጽጌ አልኳት። ከዚያ ኬኒንግተን እስክንደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በማግሥቱ ከሥራ ቀረሁ። አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ ሞኝ ተስፋ። ምናልባት ፊልሙ በእውነት እንደዚያ ይሆናል፣ ምናልባት እግዜር ነው ያገጣጠመው። ዲስኩን ከቁምሳጥን አወጣሁና ጽሑፉን ኦን አደረግኩት። እንግሊዝኛዬ ዘገምተኛ ነው፤ እያቆምኩ አነበብኩ። ሴትዮዋ ከባቡር ወርዳ ለጣቢያ አለቃው የምትለው የመጀመሪያው ነገር "ልጄ ውኃ ጠምቷታል" ነው። ልጇ ናት። ከአብራኳ የወጣች። ፊልሙ ስለ አንድ የማንጎ ዛፍና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ጠብ ነው።

ሌሎቹንም አየሁ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዐይነ ስውሩ ዘፋኝ ዐይነ ስውር አይደለም፤ ከአበዳሪዎቹ ለመሸሽ ዕውር መስሎ የሚዞር አጭበርባሪ ነው፤ ሰው የሚስቅበት ፊልም ነው። እኛ አልቅሰንበታል። የጠፋ ልጁን ሲፈልግ ኖረ የተባልነው ሽማግሌ ሆቴሉን ለመሸጥ ገዢ ነው የሚፈልገው። የዚያ ሁሉ ዓመት እንባችን ስለሌላ ነገር ነበር። ስቄም አልቅሼም አላውቅ፤ ሁለቱ ተደባለቀብኝ።

ስቶክዌል ሄድኩ። ጋሽ ሻፊ በራቸውን ሲከፍቱ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

"ግቢ፣ ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም። ጽሑፉን ኦን አድርጌ አየሁት።"

ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አንገታቸውን አየሁ፤ ሌባም ዳኛም አልሆነም። የአንድ የደከመ ሽማግሌ አንገት ነው።

"ህንድኛ ያውቃሉ?"

"ሃያ ቃል ያህል።"

"ሲኒማ ቤት አልነበሩም?"

"በር ላይ ነበርኩ፣ ቲኬት እቆርጥ ነበር። ውስጥ ገብቼ አንድም ፊልም ጨርሼ አላየሁም። ሰው ሲወጣ የሚያወራውን ነው የምሰማው።"

"እሺ ይሁን። አላወቁ፣ ፈጠሩ፤ ማን ተጎዳ። የኔን ለምን? ልጄ ከፊትዎ ተቀምጣ!"

ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ታሪክ አለቀብኝ ወይንሸት። እናቴን ሰጠሁ፣ የሞተ ወንድሜን ሰጠሁ፣ የፈታችኝን ሚስቴን ሦስት ጊዜ ሰጠኋት። ያን ቀን አፌን ስከፍት ባዶ ነበር። ሴትዮዋ ልጅ ይዛ ወረደች፤ ያንቺ መጣ።"

"እንደጀመሩት አያቆሙም ነበር?"

"ልጅቷን አየኋት። እንዴት እንደምትሰማ አየሁ። ከዚያ ማቆም…" ቀና ብለው አዩኝ። "ሰው እኮ አለቀሰ። አላማረም?"

እስከዛሬ ያቆሰለኝ ይሄ ነው። ይቅርታ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ለልጅቷ ብዬ ነው ቢሉኝ እንኳ ተናድጄም ቢሆን እረዳቸው ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ማማሩ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጥሎ ደግሞ "አወዳደቅሽ አላማረም?" የሚል ፈረስ ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩባቸውም፤ የአዛውንቶቹን እሁድ መንጠቅ አልፈለግኩም። ዲስኮቹን ግን በሐዋ እጅ መለስኩላቸው።

ብሌን ሦስት ወር "እማ" ሳትለኝ ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን በስልክ "እማ፣ ሻምፑ ገዝተሻል?" አለችኝ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ምርር ብዬ አለቀስኩ። ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ አርችዌይ ፍላት ተከራየች። ስለ እናቷ ግን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ሲከፋት አይቼ አልገፋኋትም። ዝግጁ ስትሆን ትጠይቀኛለች አልኩ። ጽጌን በልቤ አዘጋጅቼ፣ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ልሰጣት ስምንት ዓመት ጠበቅኩ።

በቀብሩ ዕለት ከሰዓት በራፌ ተንኳኳ። ብሌን ናት። ራሷ ላይ ሻሽ አስራለች፤ ጫማዋ ጭቃ ነው፤ ዐይኗ አብጧል።

"ከየት ነው?"

"ከቀብር። የጋሼ ሻፊ።"

"እንዴ! ከዚያ በኋላ ታገኚያቸው ነበር?"

"በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ። ሰቨን ይርስ።" ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። "አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ስለ እናቴ ይነግሩኝ ነበር።"

"ምኗን? እሳቸው እኮ አያውቋትም።"

"ያውቋታል እማ። ካርቱም ከመሄዳችሁ በፊት አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርታለች አይደል? ሲኒማ ቤቱ ትመጣ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ጋሼ በር ላይ ስለሆኑ ፊልሙን አያዩም፤ እሷ ስትወጣ ቆማ ዘፈኖቹን ትዘፍንላቸው ነበር። ድምጿ ሲያምር መንገደኛው ይቆም ነበር አሉ። ታውቂያለሽ፣ የአናንድ ሴህራን አንገት መጀመሪያ ያሳየቻቸው እሷ ናት።" እያለቀሰች ፈገግ አለች። ከልጅነቷ ወዲህ እንደዚያ ሲበራ ያላየሁት ፊት ነው።

ጽጌ አዲስ አበባን በዐይኗ አይታ አታውቅም። ፊልም ቤት ገብታ አታውቅም። ድምጿ ሻካራ ነበር፤ ስትጠራኝ ከብት የምትነዳ ነው የሚመስለው።

ዝም ልበል? አልኩ በልቤ። ግን የጠበቅኩት ቀን መጣ፤ የመጣውም ሌላ ሴት ይዞ ነው። ለእህቴ ቀናሁላት።

"ብሌን፣ ስሚኝ። እናትሽ አትዘፍንም ነበር። ቁጡ ነበረች። ስኳር እጇ ላይ ዘግና ደረቁን ትልስ ነበር፤ ያ ነበር ደስታዋ። ድንበሩ ላይ አልቅሼ አልሄድም ብል በጥፊ መታችኝ፤ በጥፊዋ ነው ዛሬ እዚህ ያለሁት። አንቺን ስታዝል ግን እየደጋገመች ወደ ኋላ እጇን ልካ እግርሽን ትነካ ነበር፣ እንዳለሽ ለማረጋገጥ። አዲስ አበባ አልሄደችም የኔ ልጅ። ጋሽ ሻፊ ፈጥረው ነው።"

ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

"ያቺ ሌላ ሰው ናት እማ።"

"እህቴን እኔ አላውቅም?"

"አንቺ 'እናትሽ ነኝ' ብለሽኝ ነበር። እውነቱን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው።" ክፋት የለበትም አነጋገሯ፤ ድካም እንጂ። እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝና ተነሣች። "እናቴን አውቃታለሁ። ተናደሽባቸው ስለነበር ነው፤ ይገባኛል።"

በመስኮት ሆኜ መንገዱን ስትሻገር አየኋት። ስለ ጽጌ እውነቱን የማውቅ በዓለም ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔን ደግሞ ልጄ አታምነኝም።